መርኩሪ ሬቭ፦ የ1998ቱ ይሻላል ወይስ የ2001ዱ?

የአሜሪካውያኑን የሮክ ባንድ፣ የመርኩሪ ሬቭን፣ ሁለት አልበሞች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። «ዴዘርተርስ ሶንግስ» (እ.ኤ.አ. 1998) ቀስ እያለ ነው የሚገባው። የመጀመሪያውን ዘፈን፣ «ሆልስ»ን፣ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ከሙዚቃው መሃል እንደ ሰው የሚያንጎራጉር ቀጭን ድምፅ አለ። መጋዝ ነው! አዎ፣ በቫዮሊን ደጋን የሚመታ መጋዝ። «ኦፐስ 40» ላይ ደግሞ ድራሙን የሚመታው «ዘ ባንድ» የተባለው ቡድን አባል ሌቨን ሄልም ነው።

«ኦል ኢዝ ድሪም» (እ.ኤ.አ. 2001) ግን ገና ሲጀምር በኦርኬስትራ ያጥለቀልቃችኋል። «ዘ ዳርክ ኢዝ ራይዚንግ» ላይ ያ ሁሉ ድምፅ ድንገት ጋብ ይልና የባንዱ ዘፋኝ የጆናታን ዶናሁ ስስ ድምፅ ይመጣል። እዚያ ጋ ሁሌም ሰውነቴን ይወርረኛል። የቀረው ትንሽ ይከብዳል።

ምርጫዬ የ1998ቱ ነው። መተንፈሻ አለው።