ስፖርት መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ካምቢዮውን ጋሼ ይዩላችሁ (ምስጋናና ጥቆማ)

ይህ ጽሁፍ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ብቻ ለሚሠሩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ምስጋና ነው፤ ያገለገለ ስፖርት መኪና ለመግዛት ለምታስቡ ደግሞ ጥቆማ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ አይወዱም። ደንበኞቻቸው ጋሼ እንላቸዋለን፤ አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ስልክ ቶሎ አያነሱም፣ ከወዲሁ እወቁት።

ጋሼን ከብዙ መካኒክ የሚለያቸው "ማኑዋል ይሻላል አውቶማቲክ?" ብሎ ለሚጠይቃቸው ሰው በቀጥታ አለመመለሳቸው ነው። የትኛው መኪና እንደሆነ፣ በስንት ዓመተ ምህረት እንደተሠራና የካምቢዮው ዘይት መቼ እንደተቀየረ መልሰው ይጠይቃሉ። ትክክል ናቸው። ባለ ሁለት ፔዳል (የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው) መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ካምቢዮ የለውም፤ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚከስሩትም እዚህ ላይ ነው።

የድሮዎቹን የቢኤምደብሊው ኤስኤምጂ እና ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌራሪ ኤፍ355 ላይ የመጣውን ኤፍዋን ካምቢዮ ውሰዱ። ውስጣቸው ማኑዋል ነው። አንድ ፍሪሲዮን (ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝና የሚለያይ) አላቸው፤ በእግር ምትክ ፍሪሲዮኑን የሚጫነውና ማርሹን የሚቀይረው ግን የሃይድሮሊክ ፓምፕ ነው። በዝግታ ሲነዱ ይንገጫገጫሉ፣ ለማቆም ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲባል ፍሪሲዮኑን ይበላሉ፤ ፓምፑ ሲደክም ደግሞ ማርሽ አይገባም። ጋሼ እነዚህን የሚመክሩት ለሚያውቃቸውና ለሚወዳቸው ሰው ብቻ ነው። የቢኤምደብሊው ኤም3 ኢ46 ከሆነ ማኑዋሉን ፈልጉ ይላሉ። ከኤስኤምጂ ወደ ማኑዋል የተቀየረ ካጋጠማችሁም ፔዳሉንና ቧንቧውን አይቶ ማመን አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ ማኑዋል ተብሎ መስተካከሉን በስካነር ያረጋግጣሉ።

ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ሌላ ነገር ነው። ፎልክስዋገን በ2003 እ.ኤ.አ. በጎልፍ አር32 ላይ ያወጣው ዲኤስጂና ፖርሽ በ2008 እ.ኤ.አ. በ911 ላይ ያስገባው ፒዲኬ ከዚህ ወገን ናቸው። አንዱ ፍሪሲዮን ጎዶሎ ማርሾቹን ይይዛል፣ ሌላው ሙሉ ቁጥሮቹን፤ ቀጣዩ ማርሽ አስቀድሞ ገብቶ ስለሚጠብቅ ሲቀየር ጉልበት አይቋረጥም። ባለ ስድስት ማርሹ ዲኤስጂ ፍሪሲዮኖቹ ዘይት ውስጥ ስለሚሠሩ በየ60,000 ኪሎ ሜትር ዘይቱና ማጣሪያው መቀየር አለባቸው። የዚህ ማስረጃ ከሌለ ጋሼ ዋጋ እንኳ አትነጋገሩ ይላሉ። ሙከራቸው ቀላል ነው፦ ለስላሳ ዳገት ላይ ፍሬኑን ለቀው ነዳጅ ሳይሰጡ መኪናው ራሱ እንዲሳብ ያደርጋሉ። እየተንቀጠቀጠ ከተነሳ ፍሪሲዮኑ ወይም ሜካትሮኒክ የሚባለው መቆጣጠሪያው ችግር አለበት።

ሦስተኛው ባለ ቶርክ ኮንቨርተሩ (በፍሪሲዮን ፈንታ ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘው) ነው። ዛሬ በብዙ ፈጣን መኪኖች ላይ ያለው የዜድኤፍ ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮ ጋሼ የሚያደንቁት ሥራ ነው። አንዳንድ የመኪና አምራቾች ዘይቱ ዕድሜ ልክ ነው ቢሉም ካምቢዮውን የሚሠራው ዜድኤፍ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲቀየር ይመክራል። ማጣሪያው ከፕላስቲኩ የዘይት ገንዳ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ የሚቀየረው ገንዳው በሙሉ ነው። ልኩን ለማየት መለኪያ ዘንግ የለውም፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ተነስቶ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የዘይቱ ሙቀት ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሲሆን በመሙያው ቀዳዳ በቀጭኑ እስኪፈስ ይሞላል። ይህን ሙቀት በስካነር ሳያይ "ሞልቻለሁ" የሚላችሁን አትመኑ። በመንገድ ላይ ደግሞ በሰዓት 60 እና 80 ኪሎ ሜትር መካከል ነዳጁን በስሱ ይዘው ይነዳሉ። የተሰነጠቀ አስፋልት ላይ የሚሄድ የሚመስል መንቀጥቀጥ ካለ፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ ሲቆለፍ እየተንሸራተተ ነው። ከፒ ወደ ዲ ሲገባ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከቆየም ጥሩ ምልክት አይደለም።

ማኑዋሉን ሲያዩ ግን የበለጠ ጊዜ ይወስዳሉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ሲሞቅ ብዙ ነገር ይደበቃል። መጀመሪያ ሚኒሞ ላይ፣ ዜሮ ማርሽ አድርገው ያዳምጣሉ። ፍሪሲዮኑ ሳይረገጥ የሚሰማ ድምፅ ሲረገጥ ከጠፋ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ ሲረገጥ ከመጣ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ። ቀጥሎ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ይመልሳሉ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሲንክሮናይዘሩ (ማርሽ ሲገባ የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያስተካክለው) ብዙ ስለሚለፋ ካረጀ መጀመሪያ የሚጮኸው እዚያ ነው። አራተኛ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ሆነው ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይረግጣሉ፤ ዙሩ ሲዘል ፍጥነቱ ካልተከተለ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል። በየማርሹ ነዳጅ ሰጥተው በድንገት ይለቃሉ፤ ማርሹ ከወጣ መኪናውን መልሱ።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ማኑዋል ካምቢዮ ሞተሩንም ሊገድል መቻሉ ነው። ሦስተኛ ላይ 7,000 ዙር የያዘ ሰው አራተኛ አስገባለሁ ብሎ ሁለተኛ ውስጥ ቢከተው ጎማዎቹ ሞተሩን እያሽከረከሩ ወደ 10,000 ዙር ሊያደርሱት ይችላሉ። ዙር መገደቢያው የሚቆርጠው ነዳጅ እንጂ የጎማውን ግፊት ስላልሆነ እዚህ ላይ አያድንም። ቫልቩ ፒስተን ይመታል፣ የፒስተን ክንድ ብሎኖች ይለጠጣሉ። ፖርሽ ላይ ኮምፒውተሩ ከልክ ያለፈውን ዙር በየደረጃው ይመዘግባል፣ የመጨረሻው በሞተሩ ስንተኛ ሰዓት ላይ እንደሆነም ያሳያል፤ ጋሼ ይህን ሳያወጡ ማኑዋል 911 አያጸድቁም። ፒዲኬ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ አይቀበልም። ማኑዋል ካምቢዮ ሁልጊዜ ከችግር ነፃ ነው ለሚሉ ይህ ይበቃቸዋል።

ሻጩ ሲፈቅድ የማኑዋሉን ዘይት ያወርዳሉ። የመፍሰሻውን ብሎን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ማግኔቱን በአውራ ጣታቸው ይጠርጋሉ። እንደ ቅባት የለሰለሰ ግራጫ ነገር የዕድሜ ነው። ጣት የሚወጋ ስባሪ ከተገኘ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተሰበረ ነው። ዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ቢጫ ብናኝ ከናስ የተሠራው የሲንክሮናይዘር ቀለበት ነው፤ ማግኔት ስለማይዘው በባትሪ ብርሃን ያዩታል። አምራቹ ጂኤል-4 የተባለውን የማርሽ ዘይት ደረጃ ያዘዘበት ካምቢዮ ውስጥ ጂኤል-5 የሞላ ሰው ይህን ጉዳት ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ የተሞላውን ዘይት ደረሰኝ ይጠይቃሉ።

ኒሳን 370ዜድ ማኑዋል ለምትፈልጉ አንድ ነገር፦ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ካምቢዮው ውስጥ ነው፣ የሚታወቅበት ድክመትም እሱ ነው። ፔዳሉ ወለል ላይ ከቀረ ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። አንዴ ከወረደ ጋሼ ሸራውን፣ ፕሬሸር ፕሌቱን (ሸራውን የሚጫነውን)፣ ኩሽኔታውንና የሞተሩን የኋላ ዘይት መከላከያ ጎማ አብረው ይቀይራሉ፣ ቮላኖውንም (ሸራው የሚያርፍበትን የሞተር ዲስክ) ይፈትሻሉ፤ ዕቃው ከጉልበት ዋጋው ይረክሳልና።

ምርጫውን በተመለከተ ሁሉንም ካዩ በኋላ አስተያየት ይሰጣሉ። እንደ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እና ቶዮታ 86 ላሉ ቀላል መኪኖች ማኑዋል፤ በየቀኑ መጨናነቅ ውስጥ ለሚነዳ ኃይለኛ መኪና ባለ ስምንት ማርሹ ዜድኤፍ፤ ታሪኩ በወረቀት ለተያዘ 911 ፒዲኬ። ሆንዳ ኤስ2000 የወጣው በማኑዋል ብቻ ስለሆነ ክርክሩ አይነሳም።

ወደ እሳቸው ስትሄዱ መኪናው ያደረበት ቦታ ድረስ እንዲመጡ ቀጠሮ ያዙ፤ የአገልግሎት መዝገቡ ይኑራችሁ፣ ግማሽ ቀንም መድቡ። ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃቸው ኮፈኑን በእጃቸው ዳስሰው ቀጠሮውን ለሌላ ቀን ያዛውሩታል። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።