ለበሶብላዬ መብራት ለሠራልኝ ኤሌክትሪሺያን

ሰላም የዴንቨርና የኦሮራ ወገኖች። ዛሬ አንድ ኤሌክትሪሺያን ላመሰግን ነው የመጣሁት። የኛው ልጅ ነው፣ ፈቃድ ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤዝመንቴ ውስጥ የበሶብላ፣ የጤና አዳምና የሚጥሚጣ ችግኝ አፈላለሁ። እዚህ ውርጩ እስከ ሜይ አጋማሽ ስለማይለቅ ያለ መብራት አይሆንም። ሁለት ባለ 600 ዋት የሶዲየም መብራት ከሰው እጅ በርካሽ ገዛሁ። እንዲህ ያለ ዕቃ በኮሎራዶ ሞልቷል። በ2012 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ካናቢስ ሲፈቀድ ብዙ ሰው በየቤቱ መትከል ጀመረ። አሁን ወደ ኤልኢዲ የዞረው ሁሉ አሮጌውን ይሸጣል። እኔም ገዝቼ ጉድ ሆንኩ። ክፍሉ እንደ ሳውና ይግላል። ቫክዩም ስሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። የመብራት ሒሳቡንማ ተዉት።

መጀመሪያ ያየልኝ ሌላ ሰው የብሬከር ሳጥኑ በሙሉ ይቀየር አለኝ። ብዙ ሺህ ዶላር ነው የጠራው። ከዚያ ይሄን ልጅ ጠቆሙኝ። የሚሠራው በአብዛኛው ፈቃድ ባላቸው የካናቢስ ማሳደጊያዎች ውስጥ ነው። ደረጃውን ወርዶ ሲያይ ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ለበሶብላ ነው?» አለኝ።

ዋጋ ከመናገሩ በፊት ለካ። አንዱ መብራት ከነባላስቱ (አምፖሉን ከሚያስነሳው ዕቃ ጋር) 660 ዋት ይወስዳል። ሁለቱ 1,320 ሆኑ። ባለ 15 አምፔር መስመር በ120 ቮልት 1,800 ዋት ይሸከማል፤ ለሰዓታት ለሚበራ ነገር ግን መጠቀም ያለብን 80 በመቶውን፣ ማለትም 1,440ውን ብቻ ነው አለኝ። ቫክዩም የሚጨመርበት ቦታ የለም። ሳጥኑ ምንም አልሆነም። የሚቀየረው መብራቱ ነው።

እኔ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን «1000 ዋት» የሚል ኤልኢዲ አሳየሁት። ወደ ታች ወርዶ በደቃቅ የተጻፈውን አነበበልኝ፤ በትክክል የሚወስደው 100 ዋት ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ተይው፣ ለእያንዳንዱ ጁል (የኤሌክትሪክ ጉልበት መለኪያ ነው) ስንት ማይክሮሞል (ተክል የሚጠቀምበት ብርሃን መለኪያ ነው) እንደሚሰጥ ጠይቂ አለኝ። የኔ ሶዲየሞች 2 እንኳ አይሞሉም። ጥሩ ኤልኢዲ ከ2.5 በላይ ይሰጣል። ዲኤልሲ የሚባለው ድርጅት በሚያወጣው የኃይል ቆጣቢ መብራቶች ዝርዝር ውስጥ ካለ ደግሞ ተፈትኗል ማለት ነው። ለበሶብላ ችግኝ በካሬ ሜትር በሰከንድ 250 ማይክሮሞል ለ16 ሰዓት ይበቃል ብሎ ባለ 240 ዋት አንድ መብራት አስገዛኝ። ትልቁን ቢሸጥልኝ እኔ በምን አውቃለሁ? እዚህ ላይ ነው ሰውየውን የወደድኩት። በቀን 21 ኪሎዋት ሰዓት የሚበላው ክፍል አሁን 4 አይሞላም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደናግጬ ደወልኩለት። አፈሩ አይደርቅም፣ ችግኙም ቀዝቅዟል። አሮጌው መብራት ቅጠሉንም ያሞቀው ነበር፤ አሁን ውሃውን ቀንሺ፣ ክፍሉን ትንሽ አሙቂ አለኝ። ለምክሩ አላስከፈለኝም። የድሮዎቹን አምፖሎች ቆሻሻ ውስጥ እንዳልጥልም አስጠንቅቆኛል፤ ሜርኩሪ አላቸው። አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበሉበት ቦታ ወሰድኳቸው።

መብራቱን ለሌላው ተክል የምትፈልጉትም እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ አልፈርድም። በኮሎራዶ 21 ዓመት የሞላው ሰው በተቆለፈ ቦታ 6 የካናቢስ ተክል ይፈቀድለታል፤ በአንድ ጊዜ ማበብ የሚችለው ግን 3ቱ ብቻ ነው። ዜግነት ያልወሰዳችሁ ግን አደራ። የፌዴራል ሕግ አሁንም ይከለክላል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ካናቢስ በግዛቱ ሕጋዊ ቢሆንም የዜግነት ማመልከቻን ሊያስጥል እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። ጠበቃ ሳታማክሩ እንዳትነኩት።

የልጁ አንድ ጉድለት ሰዓት ነው። 10 ሰዓት ጠዋት ካላችሁ ቡናውን 11 ላይ አፍሉ። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እልካለሁ። የበሶብላ ችግኝ የሚፈልግም ይምጣ፤ ዘንድሮ ተርፎኛል።