ሱሉልታ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለችው ቁርስ ቤት

ጥቅምት ላይ የሱሉልታ ጠዋት አጥንት ድረስ ይገባል። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚለው ተረት እዚህ አገር የተተረተ ይመስለኛል። ባለፈው ቅዳሜ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር 12 ሰዓት ላይ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ያዝን። ዳገቱን ጨርሰን ወደ ማዶ ስንዞር አየሩ ወዲያው ተለወጠ። እንጦጦ ውሃ የሚከፍል ተራራ ነው። በአዲስ አበባ በኩል የዘነበው በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። በሱሉልታ በኩል የዘነበው ደግሞ ሙገርን ይዞ ዓባይ ይደርሳል። እኔ ይህችን ቦታ ሳልፍ ሁሌም መስኮቱን ከፈት አደርጋለሁ። ሜዳው ታጭዶ ድርቆሹ በየቦታው ተከምሯል። ሽታው ብቻ ያጠግባል።

ቤቷ ስም የላትም። ታፔላም የለም። "ወፍጮ ቤቱ ጋ" ብሎ መጠየቅ ይበቃል፣ ልጅ አዋቂው ያሳያችኋል። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ስድስት ጠረጴዛ። ደጅ ላይ ደግሞ ፀሐይ የሚሞቁበት ረጅም አግዳሚ አለ። ባለቤቷን ሁሉም "እማማ" ይላቸዋል። "አካም ቡልተኒ?" ብለው ተቀበሉን፤ ቀጥለው በአማርኛ "እንዴት አደራችሁ ልጆቼ፣ ግቡ፣ ብርድ ነው" አሉን። ከሰል የተቀጣጠለበትን ምድጃ በእጃቸው ወደ እኛ ጎተት አደረጉልን።

ያዘዝነው ገንፎ፣ በሶ እና ቅቅል ነው። ስለ ገንፎው ግን በደንብ ልንገራችሁ።

ጓዳው ክፍት ስለሆነ ሲሠራ ይታያል። እማማ የፈላው ውሃ ላይ ዱቄቱን በአንድ እጃቸው ነስነስ ያደርጋሉ፣ በሌላው ወፍራም የእንጨት ማማሰያ ይዘው ያገላብጣሉ። አንዴም አያቆሙም። ድስቱን በሁለት እግራቸው መሐል አጥብቀው ይዘው፣ ትከሻቸውን ሰጥተው ያሹታል። ገንፎ ጥቂት ችላ ካሉት ይጓጉላል። የእሳቸው ግን እንደ ሐር የለሰለሰ ነው። ጣባው ላይ ገልብጠው መሐሉን በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ አደረጉት፣ በሚጥሚጣ ሳይሆን በበርበሬ የተለወሰ ንጥር ቅቤ ሞሉበት። ዙሪያውን እርጎ አፈሰሱበት። ቅቤው የኮረሪማ ሽታ አለው፤ እርጎው ደግሞ የጭስ፣ ምክንያቱም ዕቃው በወይራ የታጠነ ነው። ከዳር እየቆረሳችሁ ወደ መሐል መሄድ ነው። እጅ ያስቆረጥማል!

ምስጢሩ ገብሱ ነው። ገብስን የእህል ንጉሥ የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። እዚህ ቤት ዱቄት ከሱቅ አይገዛም። ከዚያው ከአካባቢው የተገዛ ገብስ ይቆላል፣ ይሸከሸካል፣ ግድግዳ ለግድግዳ ያለው ወፍጮ ቤት ይፈጫል። ቁርሳችንን ስንበላ ወፍጮው ሲንደቀደቅ ጠረጴዛችን በቀስታ ይርገበገብ ነበር። ከተማ ውስጥ ወራት የቆየ ዱቄት ለምደን የትኩስ ገብስ ጣዕም ከረሳነው ቆይተናል። በጾም ቀን ቅቤውና እርጎው ቀርቶ በተልባ ይቀርባል፤ ረቡዕና ዓርብ መሄድ ለምትፈልጉ።

1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ሯጮቹ መግባት ጀመሩ። ከራሳቸው ላይ እንፋሎት ይወጣል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው፣ ሜዳው ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ሯጭ የሚፈልገው ይህንን ነው። ቀነኒሳ በቀለ ያስገነባው የመሮጫ መምም እዚሁ ሱሉልታ ነው። እነዚህ ልጆች ግን ስማቸው ገና ያልተጠራ ነው። ጫማው ጎኑ ላይ በክር የተሰፋ አንድ ልጅ አጠገባችን ተቀመጠ። ሳያዝ ትልቅ ብርጭቆ በሶ በማር መጣለት። በአንድ ትንፋሽ ግማሽ አደረሰው። ከዚያ የበሶ ጭብጦ ተከተለ፣ በቅቤና በበርበሬ የታሸ፣ ልክ ጨበጥ እንዳደረጉት የእማማ ጣቶች የታተሙበት። እኔም አዘዝኩ። ሆድ ይይዛል፣ ግን አይከብድም። ለካ ሯጭ የሚወደው ለዚህ ነው።

ግድግዳው ላይ ሁለት ፎቶ አለ። አንዱ አበበ ቢቂላ ነው፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሌላዋ ደራርቱ ቱሉ ናት። በ1984 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። ልጁ በሶውን እየጠጣ ዓይኑን ከፎቶዎቹ አልነቀለም።

ሲወጣ አልከፈለም። እማማ ከመደርደሪያ የደብተር ቅጠሉ የተጣጠፈ ሰማያዊ ደብተር አውጥተው ጻፉ። ገጹ በሙሉ ስም ነው፣ ከስሙ ጎን ብር። አንዳንዱ ስም ላይ መስመር ተሰርዞበታል።

"እማማ፣ ሁሉም ይከፍላሉ?" አልኳቸው።

"ውድድር ሲያገኙ ይከፍሉኛል።"

"ካላገኙስ?"

"ታዲያ ተርበው ይሩጡ?" አሉኝ። ደብተሩን ከድነው ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

ጥሩ ያልሆነውንም ልናገር። ቅቅሉ ጨው በዝቶበታል፣ አጥንቱ ላይ ያለው ሥጋም ገና ነበር። በጥቅምት ብርድ አንድ አጥንት ተመኝቶ የመጣው ጓደኛዬ በጣም አዘነ። ቡናው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው የደረሰን፤ ሲደርስ ግን ጀበናው ገና ከእሳት የወረደ ነበር። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም፣ በጀሪካን ነው። በሶ ስታዙ "በማር" ካላላችሁ በስኳር ይመጣላችኋል። በክረምት መኪና ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ያለው መንገድ ጭቃ ነው።

ለሦስታችን 740 ብር ከፈልን። ለዚህ ምግብ ውድ አይደለም። አንድ ነገር ልለምናችሁ ግን፦ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ጠረጴዛው የሯጮቹ ነው። ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው። ወይ እንደ እኛ ማልዳችሁ ድረሱ፣ ወይ ከ3 ሰዓት በኋላ ኑ። ቡናችሁን ይዛችሁ ለሁለት ሰዓት ወሬ አትቀመጡባቸው፤ ልጆቹ ላባቸው ሳይደርቅ ደጅ ቆመው ብርድ ይመታቸዋል።

ልንሄድ ስንል ሁለት ኪሎ የበሶ ዱቄት አስመዘንኩ። እማማ አንድ እፍኝ ጨመሩበት፣ "ይሄ የምርቃት ነው" ብለው። ከወፍጮው ገና መውጣቱ ስለነበር እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ጭኔ ላይ ይሞቅ ነበር።