ለአራት ኪሎው መምህር ምስጋና፤ ልጅ ላላችሁም ጥቆማ

ልጃችን ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ጎበዝ ልጅ ያለው ወላጅ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ በለቅሶ ቤት የሚያገኘው የዕድር ሰውም «ይቺማ ሃርቫርድ ነው የምትገባው!» ይላል። ሰዎቹ ወደው ነው የሚሉት። ልጅ ግን ትሰማለች። ባለፈው ክረምት መኝታ ክፍሏ ግድግዳ ላይ 16 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስም የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ስታንፎርድ፣ ኤም አይ ቲ... አንድም ያልሰማሁት ስም አልነበረበትም። ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ እስከ 20 ኮሌጅ ማመልከት ስለሚቻል የቀሩትን አራት በምን እንደምትሞላ እየተጨነቀች ነበር።

እኔ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ነርስ ናት። ከዚያ ወረቀት ፊት ቆሜ ምን እንደምላት ጠፋኝ። አይሆንም ብላት ክንፏን የምሰብር መሰለኝ፤ ይሁን ብላትም የምዋሻት። ወደ አንድ የማማከር ቢሮ ሄድን፤ የምዝገባ ብር ከፈልን፤ ውጤቷን እንኳ በቅጡ ሳያዩ «ቪዛውን ጨምሮ እኛ እንጨርሳለን» አሉን። የሰጡን የዩኒቨርሲቲ ዝርዝር አብራን ወረፋ ከጠበቀችው ሌላ ልጅ ዝርዝር ጋር አንድ ነበር። ወጥተን ቀረን።

ከዚያ በኋላ ነው የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲመርጡና ሲያመለክቱ ስለሚያማክሩት መምህር የነገረቻት። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለ ለመኑኝ «መምህር» ብቻ እላቸዋለሁ። ለረጅም ዓመታት ሒሳብ ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አራት ኪሎ፣ ከአንድ የፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር አላቸው። በቃ።

መጀመሪያ ቀን የልጄን የውጤት ማስረጃ፣ ትራንስክሪፕቱን፣ አቀበልኳቸው። ሳይከፍቱት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ወደ እኔ ዞረው «በዓመት ስንት ብር ማዋጣት ትችላላችሁ? ሳትበደሩ፣ ሳትሸጡ» አሉኝ። ልጄ ፊት ነው። ፊቴ ጋለ። እሷ የደመወዜን ልክ አታውቅም ነበር። ዝም ስል መምህር በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ ይህን ቁጥር እኛ ካልጠየቅን እነሱ ይጠይቁናል፤ ያን ጊዜ ግን መልስ ለማረም ጊዜ አይኖርም» አሏት፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ። ያን ቀን ማታ ከባለቤቴ ጋር ሆነን ሦስታችን የቤቱን ወጪ በአንድ ደብተር ላይ ጻፍን፤ ኪራዩን፣ ዕቁቡን፣ ዕድሩን፣ ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ የምንልከውን ሳይቀር። ልጃችን እስክሪብቶውን ይዛ የጻፈችው እሷ ናት። ከዚያ ምሽት ወዲህ ስለ ገንዘብ ከልጄ ጋር የማወራው እንደ ትልቅ ሰው ነው።

ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግ መምህር ያስረዱን ነገር ለሌሎች ወላጆችም ይጠቅማልና ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። አንድ ትልቅ የግል የአሜሪካ ኮሌጅ ምግብና መኝታውን ጨምሮ ለአንድ ዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። ከውጭ አገር የሚመጣን ተማሪ ሲመርጡ ቤተሰቡ የመክፈል አቅም አለው ወይስ የለውም የሚለውን ሳያዩ የሚወስኑ፣ ከተቀበሉም በኋላ የጎደለውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍኑ ኮሌጆች ጥቂት ናቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውደን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ችግሩ ለመግባት እጅግ የሚከብዱትም እነዚሁ መሆናቸው ነው። ሃርቫርድ በ2024 ካመለከቱት ከ54 ሺህ በላይ ተማሪዎች የተቀበለው 2 ሺህ የማይሞሉትን ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ ኮሌጆች ደግሞ ከውጭ የሚመጣው አመልካች የሚጠይቀውን የገንዘብ ድጋፍ መጠን አይተው ይወስናሉ። ስለዚህ አንድ ኮሌጅ ከመቶ አመልካች 40ውን ይቀበላል ቢባል ሙሉ ድጋፍ ለምትጠይቅ የአዲስ አበባ ልጅ ያ ቁጥር የእሷ አይደለም። «ተቀብለንሻል፣ ድጋፍ ግን የለንም» የሚል ደብዳቤም ለእንደኛ ያለ ቤት ከእምቢታ አይለይም።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ታዋቂዎቹ ከባድ፣ ያልታወቁት ቀላል ይመስሉኝ ነበር። መምህር ይህን ስሕተቴን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያረሙት፤ «ሙሉ ድጋፍ ለሚፈልግ ልጅ አሜሪካ ውስጥ እርግጠኛ የሚባል ቦታ የለም፤ እርግጠኛው ቦታ አገር ቤት መሆን አለበት።» ከዚያም ባዶ ወረቀት አውጥተው በመጀመሪያው መስመር ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብለው ጻፉ። ልጃችን ቅር አላት፤ ከፊቷ ታየኝ። መምህር ተነሥተው በመስኮቱ ወደ ስድስት ኪሎ አቅጣጫ እያመለከቱ በ1943 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረ ዩኒቨርሲቲ መሆኑን፣ አሁን ራሱን ችሎ የራሱን የመግቢያ ፈተና እንደሚሰጥ ነገሯት። ለብሔራዊ ፈተናውም እንድትጠነቀቅ አጥብቀው አሳሰቧት። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ እንደነበሩ አስታወሷትና «ለአሜሪካ ማመልከቻ ድርሰት ስትጽፊ የሰኔውን ፈተና የረሳሽ እንደሆነ ሁለቱንም ታጪያለሽ» አሏት።

ከዚያ ያንን የ16 ስም ወረቀት ዘረጉት። ኮመን አፕ ላይ አገኛቸዋለሁ ካለቻቸው ውስጥ ኤም አይ ቲ የራሱ ማመልከቻ እንዳለው እንኳ አላወቀችም ነበር። አልተቆጧትም። «ከእነዚህ የአንዱን ዝናውን ሳትጠሪ ስለ ትምህርቱ ንገሪኝ» አሏት። ዝም አለች። የቤት ሥራ ሰጧት፤ ለእያንዳንዱ ስም ልትማረው የምትፈልገውን አንድ የትምህርት ዓይነት፣ በምትወደው ጉዳይ ላይ የሚመራመር አንድ መምህርና እዚያ ብትገባ በመጀመሪያው ዓመት የምትሠራውን አንድ ነገር እንድታመጣ።

እዚህ ላይ ስለ ልጄ ልንገራችሁ። ከቀበና ወንዝ ብዙ ሳንርቅ ነው የምንኖረው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የወንዙን ውኃ በጠርሙስ እየቀዳች ቀን ጽፋበት መስኮት ላይ ትደረድራለች፤ ከዝናብ በፊትና በኋላ ቀለሙ እንዴት እንደሚለያይ በደብተር ትመዘግባለች። እናቷ ስለ ሽታው ስንት ጊዜ ተጣልታታለች! ይህ ነገር ለማመልከቻ ይጠቅማል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን ማንም አልነበረም። መምህር ግን «ትምህርት ቤት ማንም ሳያዝሽ የምታደርጊው ነገር ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀው አወጡት። ቅዳሜ ቅዳሜ አብርሖት ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ስትፈልግ ሰነበተች፤ በሦስተኛው ሳምንት ከ16ቱ ስሞች 14ቱን የሰረዘችው ራሷ ናት። መምህር አንዱንም አልሰረዙባትም። ለዚህ ነው ክንፏ ያልተሰበረው።

በመጨረሻ የቀረው ዝርዝር ስምንት መስመር ነው። ኤም አይ ቲና አምኸርስት ቀርተዋል፤ ሕልም ናቸው፤ ሕልምም ይፈቀዳል። ማካሌስተር ኮሌጅ ገባ፤ ሚኒሶታ ውስጥ ያለ፣ ለሚቀበለው ተማሪ የጎደለውን የሚሸፍን፣ ኮፊ አናን እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቁበት። ማውንት ሆልዮክ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1837 የተመሠረተ የሴቶች ኮሌጅ ነው፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ከሁሉ እሱን መረቀች። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ተማሪውን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ተማሪው ግን በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት በኮሌጁ ውስጥ ይሠራል። ከውጭ የሚቀበለው ጥቂት ቢሆንም ሠርቶ የመማሩ ነገር ልቤን ነካው። ከአፍሪካ ደግሞ ጋና ያለው አሸሲ ዩኒቨርሲቲ፤ ከዚያም ማመልከቻው በነጻ የሆነው የቱርክ መንግሥት የትምህርት ዕድል። በመጀመሪያው መስመር ላይ እንደነበረው ሁሉ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። መምህር ለእያንዳንዱ መስመር የጠየቋት አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ይህ ብቻ ቢመጣልሽ ደስ ብሎሽ ትሄጃለሽ?» አይ ያለችው ወጣ።

የገንዘብ መጠየቂያ ቅጹን፣ ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የሚሉትን፣ አጠገባችን ተቀምጠው አስሞሉን። በብር መሙላት እንደሚቻል የነገሩን እሳቸው ናቸው፤ እኔ በዶላር እያሰላሁ ሁለት ሌሊት አባክኜ ነበር። የዕቁቡን ነገር ልተወው ስላቸው «እውነቱን ጻፍ፤ ሌላ ቁጥር ከጻፍክ ሌላ ቤተሰብ ትሆናለህ» አሉኝ። ድርሰቷን አነበቡ እንጂ አንድ ቃል አልጻፉላትም፤ እርሳስ እንኳ አልነኩም። ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ እሷ ቤት ሄዳ ትጽፋለች። አንዱን ድርሰት ሰባት ጊዜ ጽፋዋለች። ለአሜሪካ ኮሌጆች የመጨረሻውን ማመልከቻ የላከችው ለገና አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው።

መልሱ ገና አልመጣም። አብዛኛው የሚመጣው በመጋቢት ነው። «ውጤቱን ሳታይ ምን ያስቸኩልሃል?» ያሉኝ አሉ። መምህር የሠሩልን ሥራ ግን አልቋል፤ ቤታችን ውስጥ አይቼዋለሁ። የፖስታ መልእክት በመጣ ቁጥር ልጄ አትደነግጥም፤ ማታ ማታ ለብሔራዊ ፈተናው ታጠናለች፤ ስምንቱም መስመሮች የእሷ ናቸው። ስለዚህ ምስጋናዬን ከመጋቢት በፊት ማድረስ ፈለግሁ። መምህር፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ለምትፈልጉ ወላጆች፦ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት አሉ። ክፍያው አንድ ጊዜ ነው፤ መጠኑን መጀመሪያ ቀን ይነግሯችኋል፤ ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ኮሚሽን አይቀበሉም፤ ቪዛም አይነካኩም። መሄድ ያለባችሁ 11ኛ ክፍል ሳያልቅ ነው፤ እኛ ዘግይተናል። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤት ቅጂና የቤታችሁን የወር ወጪ የያዘ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ልጃችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ብቻውን የመጣን ወላጅ መምህር ሻይ ይጋብዙታል እንጂ ሥራ አይጀምሩለትም።