ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር፦ የ10 ወር ልምዴ

ዛሬ የምጽፈው አምስት ሳንቲም ስላልከፈልኩበት ነገር ነው። ዲፌንደር ይባላል፤ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው አንቲቫይረስ ነው። ከጥቅምት ወዲህ ሌላ ምንም ሳልጭን እሱን ብቻ ስጠቀም 10 ወር ሆነኝ። ሥራዬ ማስተማር ነው። ላፕቶፔ ያገለገለ ነው፤ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 11። የፈተና ወረቀት፣ የተማሪዎች ሮስተርና የቤተሰብ ፎቶ አለበት። ማታ ማታ ደግሞ ልጄ ጌም ይጫወትበታል።

ወደ ዲፌንደር የመለሰኝ ችግር ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ የመልመጃ ወረቀት ላባዛ ፍላሼን ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ቤት ተመልሼ ስሰካው ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ይህ ያልደረሰበት አስተማሪ ያለ አይመስለኝም። የፎልደሩ ስም እንዳለ ነው፤ ከምስሉ ግርጌ ግን ትንሽዬ ቀስት ተለጥፋበታለች። እውነተኞቹ ፎልደሮች አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። ቀስት ያለበትን ስትጫኑት ፎልደሩን ይከፍትላችኋል፤ በዚያው ቫይረሱንም ያስነሳል። ፋይሉ ስለሚከፈት ሰው አይጠረጥርም፤ ለወራት ይዞት ይዞራል። እኔም ተጫንኩት።

ግራ የገባኝ ዲፌንደር ዝም ማለቱ ነበር። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፈትኩ። አረንጓዴ ምልክት አለ፤ ሁሉም ደህና ነው ይላል። ወደ ታች ወርጄ ኤክስክሉዥንስ የሚለውን ነካሁት። ይህ «እዚህ ቦታ አትፈትሽ» ብለን የምናዝበት ዝርዝር ነው። ሁለት መስመር ተጽፎበታል። አንደኛው ሲ ድራይቭ፣ ሙሉው። ሁለተኛው ኢ ድራይቭ። ኢ ማለት ደግሞ እኔ ማሽን ላይ ፍላሽ ሲሰካ የሚይዘው ፊደል ነው። ያኔ ገባኝ።

ላፕቶፑን የገዛሁበት ሱቅ ደወልኩ። ልጁ ምንም አልደበቀኝም። «ቲቸር፣ ዊንዶውሱን አክቲቬት የማደርግበትን ፕሮግራም ከፍላሼ ላይ እየሰረዘ አስቸገረኝ፤ ለዛ ነው የዘጋሁት። ደሞ እኮ ማሽን ያዘገያል» አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም። ብዙ ቦታ የሚሠራው እንዲሁ ነው። እኔ ግን ያን ማሽን ላይ ስንት ጊዜ የባንክ አካውንቴን እንደከፈትኩ ሳስብ ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም።

ቅዳሜን ሙሉ ለዚህ ሰጠሁ። ፋይሎቼን አወጣሁ፤ ዊንዶውሱን ከሠሪው ድረ ገጽ አውርጄ ከባዶ ጫንኩት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የወጡ የቢሮ ላፕቶፖች፣ ብዙዎቹ የፈቃድ ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል። ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ ስትጭኑና ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። የእኔም ሆነ። ክራኩ፣ ማለትም የሱቁ ልጅ ያለ ፈቃድ አክቲቬት ያደረገበት ፕሮግራም፣ ከመጀመሪያውም አላስፈለገም ነበር።

ከዚያ መሥራቱን ሞከርኩት። ኢካር የሚባል የመሞከሪያ ጽሑፍ አለ፤ 68 ፊደልና ምልክት ነው፣ ማንንም አይጎዳም። አንቲቫይረሶች ግን ሆን ብለው እንደ ቫይረስ እንዲይዙት ተስማምተውበታል። ኖትፓድ ላይ ለጥፌ ሴቭ አልኩት። ፋይሉ ዴስክቶፑ ላይ ብቅ አለ፣ ወዲያው ጠፋ፤ ጥግ ላይ ማስጠንቀቂያ መጣ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከፍላሽ ብቻ 7 ጊዜ ይዞልኛል። የቁጥሩ ምንጭ ማስታወሻ ደብተሬ ነው፤ ምክንያቱም የፕሮግራሙ መዝገብ አሮጌውን እያጠፋ ይሄዳል። የተያዘውን ስም ማንበብም ለምጃለሁ። መጀመሪያ ዓይነቱን ይነግራችኋል፣ ለምሳሌ ወርም (ራሱን እያባዛ የሚዛመት)። ቀጥሎ የሚሠራበትን፣ ለምሳሌ ቪቢኤስ (ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ የስክሪፕት ቋንቋ)። መጨረሻ ላይ የቤተሰቡ ስም ይመጣል። ጄንክስከስ የሚል ካያችሁ ያው የሾርትከቱ ጉድ ነው፤ ከ10 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ቫይረስ ነው። የተደበቁት ፎልደሮች ግን ቫይረሱ ስለተወገደ ብቻ አይገለጡም። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ የተደበቁትን አሳይ ብላችሁ ራሳችሁ ታወጧቸዋላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፦ ዳታ። ዲፌንደር ጥሩ የሚሆነው ሲታደስ ነው። ቫይረስ የሚለይበት መረጃ በቀን ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ አጠራጣሪ ፋይል ሲያገኝም ከሠሪው ሰርቨር ጋር ይማከራል። ስለዚህ ኢንተርኔት ሲቋረጥ አቅሙ ይቀንሳል። ይህን እዚህ አገር ሆነን ልንዘነጋው አይገባም፤ ፍላሽ የምንለዋወጠው ደግሞ በብዛት ኔት በሌለበት ቦታ ነው። እኔ ትምህርት ቤት በስልኬ ሆትስፖት ነው የምሠራው። ግንኙነቱን ሜትርድ፣ ማለትም ዳታው የሚቆጠርበት፣ አድርጌዋለሁ፣ አለበለዚያ ዊንዶውስ ፓኬጄን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ሜትርድ ሲሆን ግን ዲፌንደርም ራሱ አያወርድም። ስለዚህ ጠዋት ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ገብቼ ማደሻውን በእጄ መጫን ነው። በየቀኑ ከታደሰ የሚያወርደው የተለወጠውን ብቻ ስለሆነ ትንሽ ነው። ሳምንታት ካስተኛችሁት ግን ሙሉው ጥቅል ከ100 ሜጋ ባይት በላይ ነው። ማዘግየቱ ዳታ አያስቆጥብም።

አፕዴት ያጠፉ ጓደኞቼን የምለምናቸውም ለዚህ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ግንቦት ላይ ዓለምን ያመሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የገባበት ቀዳዳ መድፈኛው የወጣው ከሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። የተጎዳው ያላደሰው ነው።

በጣም የወደድኩት ነገር ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ ነው። ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ቫይረስ መከላከያ) ከሚለው ሥር ገብታችሁ ትከፍቱታላችሁ። የማያምነው ፕሮግራም የሰነድና የፎቶ ፎልደሮቻችሁን እንዳይነካ ይከለክላል። ሮስተሩ ያለበትንም ጨመርኩበት። የልጄ ጌም የሚያስቀምጠው ሰነድ ፎልደር ውስጥ ነበርና ሴቭ ማድረግ ተከለከለ። «አባዬ፣ ጌሙ አልያዘልኝም» ብሎ መጣ፤ ፈቃድ ሰጠሁት፣ አለቀ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንዲህ ያለ ፈቃድ መስጠት ይበዛል። ታገሱት። ሮስተሩን ግን በሌላ ሃርድ ዲስክም ገልብጬ፣ ነቅዬ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ያዘገያል ወይ? በሥራ መሀል አልታወቀኝም። ሙሉ ፍተሻ ሲሠራ ማሽኑ ይሞቃል፤ እኔ ዓርብ ማታ እራት ስንበላ አስነሳዋለሁ።

የማይሠራውንም ልናገር። በቴሌግራም የመጣ ሊንክ ተከትላችሁ የይለፍ ቃላችሁን ብትጽፉ ወይም የቴሌብር ሚስጥር ቁጥራችሁን ለደወለላችሁ ሰው ብትሰጡ ዲፌንደር ምንም አያደርግም። የቤት ዋይፋያችሁንም አይጠብቅም። ሩተሩ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ ከፋብሪካ የመጣውን የአድሚን ፓስወርድ ቀየርኩ፤ ያለ ፓስወርድ በፒን ዋይፋይ የሚያስገባውን ደብልዩፒኤስ የሚባለውንም ዘጋሁ። ባለ 8 አሃዝ ፒን ስለሆነ 100 ሚሊዮን ሙከራ የሚፈልግ ይመስላል። ነገር ግን ሩተሩ የመጀመሪያውን ግማሽ ለብቻው ትክክል ነው ወይም አይደለም ብሎ ይመልሳል፤ የመጨረሻዋ አሃዝም ከሌሎቹ ተሰልታ የምትገኝ ናት። ስለዚህ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ይህ ከታወቀ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ዛሬም ያልተዘጋበት ቤት ሞልቷል። ግቢያችን ውስጥ ያሉት ተከራዮች ዋይፋይ ሲጠይቁኝ መከልከል ይከብደኛል። አሁን የእንግዳ ኔትወርክ ከፍቼ የእሱን ፓስወርድ እሰጣለሁ። እነሱም ይጠቀማሉ፣ እኔም አልሳቀቅም።

አሮጌ ማሽን ላላችሁ አንድ ነገር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ቆሟል። የዲፌንደር የቫይረስ መረጃ ግን እስከ ጥቅምት 2028 እ.ኤ.አ. እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት አስታውቋል። የዊንዶውሱን ቀዳዳ አይደፍንላችሁም፣ የታወቁ ቫይረሶችን ግን ይይዝላችኋል።

ገንዘብ ከፍዬ ሌላ እገዛለሁ? ለእኔ ቤት አያስፈልገኝም። ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስማ በነጻ ቢሰጠኝ አልጭንም። ሌላ አንቲቫይረስ ስትጭኑ ዲፌንደር ራሱን ያገልላል፤ ያኔ ቤታችሁን ማን እንደሚጠብቅ አታውቁም።

ትናንት የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «ይቺን እይልኝ፣ ፍላሼ እንቢ አለኝ» አለኝ። አረንጓዴ ምልክቱን አልፌ ቀጥታ ኤክስክሉዥንስ ገባሁ። ሦስት መስመር አለ። ሻይ አዘዝንና ከላይኛው ጀመርን።