የጭስ ቢራ በባምበርግ፦ ሽሌንከርላ እንዴት ይጠጣል፣ ምን ይበላበታል?

ጀርመን ውስጥ ኑርንበርግ ድረስ የመጣ ሰው ባምበርግን ሳያይ ቢመለስ ያስቆጫል። በባቡር አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ቦታ ከሞላ ጎደል የጠፋ የቢራ ዓይነት አለ። ጠላ የሚያውቅ አበሻ «ጭስ ቢራ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብሎ አይደነግጥም። ልዩነቱ ጭሱ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። እኛ ጋኑን በወይራ እናጥናለን፤ እነሱ የሚያጥኑት እህሉን ነው። የበቀለው ገብስ ሳይደርቅ ወንፊት መሳይ ወለል ላይ ይሰጣል፣ ከሥሩ የቢች እንጨት ይነዳል፣ ጭሱ በብቅሉ መሐል እያለፈ ያደርቀዋል። ድሮ በእሳት የደረቀ ብቅል ሁሉ ጭስ ጭስ ይል ነበር። ጭስ የማይነካው ማድረቂያ ሲመጣ ሌላው ጠማቂ ተወው፤ ሽሌንከርላና ሽፔትሲያል የተባሉት ሁለት የባምበርግ ጠማቂ ቤቶች ግን ብቅላቸውን እስከ ዛሬ ራሳቸው ያጨሳሉ።

የሽሌንከርላ መጠጥ ቤት ያለው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ዶሚኒካነርሽትራሰ 6 ላይ ነው። ቤቱ መዝገብ ላይ የሚገኘው ከ1405 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ቢራው የሚጠመቀው እዚያው ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብሎ ሽቴፋንስበርግ ኮረብታ ላይ ነው፤ ከኮረብታው ሥር በተፈለፈለ የድንጋይ ጓዳ በብርድ ይቆይና በእንጨት በርሜል ይመጣል።

ዋናው ቢራ ሜርትሰን ይባላል፤ አልኮሉ 5.1 በመቶ፣ መልኩ ወደ ጥቁር ያደላ ቡናማ፣ መጠኑ ግማሽ ሊትር ነው። በርሜሉ ባንኮኒው ላይ ይቀመጣል፣ ቧንቧው በመዶሻ ይገባል፣ ቢራው በራሱ ክብደት ይወርዳል። የሚገፋው ጋዝ የለም። ለዚህ ነው ጠርሙስ ውስጥ ካለው ይልቅ ለስላሳ የሚሆነውና ሆድ የማይነፋው። በርሜሉ ሲጎድል ግን አየር እየገባ ቢራው ይለዝዛል፤ ስለዚህ በርሜል ቶሎ ቶሎ በሚለወጥበት፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት መሄድ ለቢራው ጥሩ ነው፤ ወንበር ለማግኘት ግን አይመችም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ጉንጭ ይቀምስና «ይሄማ የተጨሰ ሥጋ ነው» ብሎ ብርጭቆውን ይተወዋል። አፍንጫ ጭስን በጣም ቶሎ ይለምዳል። ሁለተኛው ብርጭቆ አጋማሽ ላይ ጭሱ ወደ ኋላ ይልና የብቅሉ ጣፋጭነት፣ ከዚያም እንደ ጌሾ የሚያመርረው የሆፑ ቀጭን መራራነት ብቅ ይላል። እንግዲህ ፍርድ የሚሰጠው ያን ጊዜ ነው። በመካከል ሌላ ዓይነት ቢራ ማስገባት ልማዱን ያቋርጠዋል፤ ወደ ሜርትሰን ሲመለሱ ጭሱ እንደ አዲስ ይመጣል።

ጭሱን የሚፈራ ሰው ሄለስ ላገር ይዘዝ፤ 4.3 በመቶ ነው። ብቅሉ አይጨስም፤ ነገር ግን በዚያው ጋን ስለሚፈላና በዚያው እርሾ ስለሚብላላ ትንሽ የጭስ ቃና ይዞ ይወጣል። ለእኛ አሳማኙ ግን ሜርትሰኑ ነው። በጥቅምት ወር አካባቢ የሚከፈተው ኡርቦክ 6.5 በመቶ፣ ለገና የሚወጣው አይሸ ደግሞ ብቅሉ በኦክ እንጨት የሚጨስ ሲሆን 8 በመቶ ነው። አይሸ ሲጠጡት አይከብድም፣ ሲነሱ ግን ይታወቃል፤ አንድ ይበቃል።

ከምግቡ የባምበርግ ሽንኩርት መታዘዝ አለበት። ትልቅ ሽንኩርት ተቦርቡሮ በተጨሰ የተፈጨ ሥጋ ይሞላል፣ ይጋገራል፣ በራሱ በጭስ ቢራ በተሠራ ስጎ ይቀርባል። ከተፈጨ ድንች ጋር ሲመጣ ሽንኩርቱ በሹካ የሚቆረስ መሆን አለበት፤ መሐሉ ከጠጠረ በደንብ አልበሰለም። የቢራው ጭስ ከሥጋው ጋር ሲገናኝ አንዱ ሌላውን ያለዝበዋል፤ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ከምግብ ጋር መጠጣት የሚሻለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ቀድሞ ይታወቅ፦ የሽንኩርቱ ሙሌት የአሳማ ሥጋ ነው፣ ከላዩም ቤከን ይደረጋል። ሾይፈርላ የሚባለው ጥብስ የአሳማ ትከሻ ነው። ባምበርግ ያለችበት የፍራንኮንያ ክልል ኩሽና በአጠቃላይ አሳማ ላይ የቆመ ስለሆነ ስጎው፣ ጎመኑ፣ ድንቹ እንኳን ስቡን ሊይዝ ይችላል። የማይበላ ሰው «ኦነ ሽቫይነፍላይሽ» (ያለ አሳማ ሥጋ) ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። አስተማማኙ አይብ በዳቦ ነው፤ ካርፕ የሚባለው ዓሣም ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ወቅቱ ነው፣ በዝርዝሩ ካለ ይታዘዝ፤ የሚጠበስበትን ስብ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጠረጴዛው የጋራ ነው። ክፍት ወንበር ሲገኝ የተቀመጡትን «ነፃ ነው?» ብሎ ጠይቆ መቀመጥ ነውር የለውም፤ «ሽታምቲሽ» የተባለበት ጠረጴዛ ግን የቋሚ ደንበኞች ነው። ጨርሶ ቦታ ከጠፋ ከመተላለፊያው መስኮት ገዝቶ ቆሞ መጠጣት ይቻላል፤ ለብርጭቆው መያዣ ይከፈላል፣ ሲመለስ ይመለሳል።

ጊዜ ያለው ሰው ከሽፔትሲያል ይጀምር። ኦበረ ኬኒግሽትራሰ 10 ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ አሮጌው ከተማ ሲኬድ መንገድ ላይ ነው፤ ከ1536 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠምቅ ቤት ነው። የእሱ ጭስ ለስለስ ያለ ስለሆነ አፍን ያለማምዳል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ከሽሌንከርላ በኋላ የሽፔትሲያል ቢራ ጭስ ያለው መሆኑ እንኳን አይታወቅም።