አኩ ቼክ አክቲቭ የስኳር መለኪያ በባሕር ዳር ሙቀት

መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ በአንዲት ክብ ባትሪ የምትሠራ መሣሪያ ናት። ከ1 እስከ 2 ማይክሮሊትር ደም ይበቃታል፤ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ጠብታ ማለት ነው። ውጤቱን በ5 ሰከንድ ትሰጣለች። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ባለበት ቤት ብትኖር ጥሩ ናት። ጣጣው ያለው ስትሪፑ ላይ ነው፤ ስትሪፕ ማለት ደም የሚነካበት፣ መሣሪያዋ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቁራጭ ነው።

ስትሪፕ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ቦታ መቀመጥ አለበት። ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ከሰዓት 30ን ያልፋል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ ወይም ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የስትሪፑን ብልቃጥ ከምድጃና ከመስኮት ርቆ፣ ቁም ሣጥኑ ታችኛው መደብ ላይ ያስቀምጡት። ክዳኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ነገር ስላለ ስትሪፑን ወደ ሌላ ዕቃ አይገልብጡ፤ አንዱን እንዳወጡ ወዲያው ይክደኑ፣ በክረምት በተለይ። ከስትሪፑ ጀርባ ክብ መስኮት አለች። ደም ከማስነካትዎ በፊት ቀለሟን ብልቃጡ ላይ ካለው ላልተጠቀሙበት ስትሪፕ ከተሰጠው ቀለም ጋር ያስተያዩ። ካልተመሳሰለ ይጣሉት።

ሁለተኛው ስሕተት እጅ ነው። ማንጎ ልጦ ሳይታጠብ የተለካ ሰው ጣቱ ላይ የቀረው ስኳር ከደሙ ጋር ይደባለቅና ቁጥሩ ያለ ምክንያት ይሰቀላል። ያንን አምኖ ኢንሱሊን መጨመር አደገኛ ነው። አልኮል ብቻውን አይበቃም፦ በሳሙና ይታጠቡ፣ በደንብ ያድርቁ፣ የጣቱን ጫፍ መሐል ሳይሆን ጎኑን ይውጉ፤ ሕመሙ ይቀንሳል። ደም እንቢ ካለ ክንድዎን ወደ ታች ያንጠልጥሉ እንጂ ጣቱን አጥብቀው አይጭመቁ።

«ከላቦራቶሪው ጋር አልገጠመም» ብሎ መሣሪያውን የሚመልስ ብዙ ነው። የቤት መለኪያ እስከ 15 በመቶ ቢለያይ ተቀባይነት አለው፤ ላቦራቶሪ 200 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ካለ 170ም 230ም ብልሽት አይደለም። ከ70 በታች ካሳየ ግን ክርክር የለም፦ ሰውየው መዋጥ ከቻለ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣና ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡት፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ «እስቲ እኔንም ለኪኝ» መባሉ አይቀርም። መውጊያው በምንም መንገድ ለሁለት ሰው አይሆንም፤ ሄፓታይተስና ኤችአይቪ በዚያ ይተላለፋሉ። መርፌውን መቀየር ብቻም አይበቃም፣ መያዣው ላይ ደም ይቀራልና።

ከመግዛትዎ በፊት ፋርማሲውን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የዚህ መሣሪያ ስትሪፕ ሳይቋረጥ ይገኛል? የሌላ መለኪያ ስትሪፕ አይሠራላትም።